«ጥርስ ባዳ ነው»፦ መኮርኮር፣ የግል ወሰንና የፈቃድ ትርጉም

መግቢያ

እንግዳ በሚዘወተርበት ቤት ሁሉ አንድ የታወቀ ትዕይንት አለ። አጎት ወይም የቤተሰብ ወዳጅ የስድስት ዓመት ልጅ አቅፎ ይይዝና ብብቷንና ጎኗን ይኮረኩራታል። ልጅቱ በሳቅ ፍርስ ትላለች። በሳቋ መካከል «ተው! ተወኝ!» ትላለች፤ በቤቱ ያለውም ሰው አብሯት ይስቃል። ኮርኳሪው እየሳቀች ነውና ይቀጥላል። ጥቂት ቆይቶ ግን ሳቁ ወደ ልቅሶ ይለወጣል፤ ወይም ልጅቱ እጇን ሰንዝራ ትመታዋለች። ያን ጊዜ «ምን ሆነች? አሁን ስትስቅ አልነበረም?» ይባላል። «ባለጌ» ተብላ የምትገሠጸውም ብዙ ጊዜ እርሷው ናት።

ትዕይንቱ ከቀላል የቤት ውስጥ ጨዋታ የማያልፍ ሊመስል ይችላል። ሆኖም የሥነ ልቡና፣ የሥነ ምግባርና የሕግ ተመራማሪዎችን በእኩል የሚመለከት አንድ ጥያቄ በውስጡ ይዟል። የአንድ ሰው ፊት «አዎ» የሚል ምልክት እያሳየ አንደበቱ «አይሆንም» ሲል፣ ፈቃዱን ልናነብ የሚገባን ከየትኛው ነው? የአማርኛ ተናጋሪ «ጥርስ ባዳ ነው» የሚለው ሰው በኀዘን ወይም በመከፋት ውስጥ ሆኖ ሲስቅ ነው። ጥርስ የባለቤቱን ልብ የማይጋራ እንግዳ ነው ማለት ነው። ስለ መኮርኮር የተደረጉ ሳይንሳዊ ጥናቶች ይህን የቆየ አባባል በሚያስገርም ሁኔታ ይደግፉታል።

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ከእነዚህ ጥናቶች ዋና ዋናዎቹን በመቃኘት ለተነሣው ጥያቄ መልስ መፈለግ ነው። ጽሑፉ የሚከራከርበት ነጥብ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛ፣ በመኮርኮር የሚመጣ ሳቅ ስለ ተኮርኳሪው ፈቃድ የሚሰጠው ማስረጃ እጅግ ደካማ ነው። ሁለተኛ፣ መኮርኮር ተኮርኳሪው ቁጥጥሩን ለሌላ ሰው አሳልፎ የሚሰጥበት ድርጊት በመሆኑ፣ በዚህ ድርጊት ውስጥ ፈቃድ ማለት ጨዋታው ሲጀመር የተገኘ እሺታ ሳይሆን በማንኛውም ቅጽበት ጨዋታውን የማስቆም ሥልጣን ነው።

የጽንሰ ሐሳቡ ወሰን

በአማርኛ «ኮረኮረ» የሚለው ግስ የጣትን ሥራ ብቻ የሚገልጽ አይደለም። ልብን የሚነካ ታሪክ «ስሜት ኮርኳሪ» ይባላል። በሁለቱም አገባቦች የጋራ የሆነ አንድ ባሕርይ ይታያል፤ ከውጭ የመጣ ነገር በውስጥ ያለውን ያንቀሳቅሳል፤ የተንቀሳቀሰውም ሰው እንቅስቃሴውን አልመረጠውም። ስሜት ኮርኳሪ ታሪክ የሚያዳምጥ ሰው ዕንባው የሚመጣው ወስኖ አይደለም። የሚኮረኮር ሰውም እንዲሁ ሳቁን ወስኖ አይስቅም።

በምርምሩ ዓለም ለጉዳዩ መሠረት የሆነውን ክፍፍል ያቀረቡት ስታንሊ ሆልና አርተር አሊን እ.ኤ.አ. በ1897 ባሳተሙት ጥናት ነው። እነርሱ ሁለት የመኮርኮር ዓይነቶችን ለይተው ከግሪክኛ በወሰዱት ቃል ሰየሙ። የመጀመሪያው ክኒስሜሲስ ቀላል ንክኪ የሚፈጥረው፣ ዝንብ በቆዳ ላይ ስትሄድ እንደሚሰማው ያለ የማሳከክ ስሜት ነው። ይህ በየትኛውም የሰውነት ክፍል ሊሰማ ይችላል፤ ሰው በራሱ ላይ ሊፈጥረው ይችላል፤ ሳቅም አያስከትልም። ሁለተኛው ጋርጋሌሲስ በብብት፣ በጎን፣ በአንገትና በውስጥ እግር ላይ በሚደረግ ጠንከርና ደጋገም ያለ ንክኪ የሚመጣ፣ ሳቅንና መንፈራገጥን የሚያስከትል ነው። ይህ ሁለተኛው ዓይነት ሌላ ሰው ይፈልጋል። በመሆኑም ከመነሻው ማኅበራዊ ግንኙነት ነው፤ የፈቃድ ጥያቄ የሚነሣውም በእርሱ ላይ ነው። ከዚህ በኋላ «መኮርኮር» ስንል ይህንን ማለታችን ነው።

አሪስጣጣሊስ ስለ እንስሳት አካል ክፍሎች በጻፈው ድርሳን መኮርኮር የሚሰማው ሰው ብቻ እንደ ሆነ፣ ምክንያቱም የቆዳው ስስነትና ከእንስሳት ሁሉ እርሱ ብቻ የሚስቅ መሆኑ እንደ ሆነ ገልጾ ነበር። የኋላ ጥናት ይህን አስተያየት አልደገፈውም። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ አንድ የንጽጽር ጥናት ኦራንጉታን፣ ጎሪላ፣ ቺምፓንዚና ቦኖቦ ግልገሎች ሲኮረኮሩ የሚያሰሙትን ድምፅ ከሰው ሕፃናት ሳቅ ጋር አነጻጽሮ ዝምድናቸውን አሳይቷል። እንግዲህ የምንነጋገርበት ሳቅ ከባህል የቀደመና ሥሩ የጠለቀ ነው። ሥሩ የጠለቀ መሆኑም ለክርክራችን ጠቃሚ ነው፤ አንድ ምላሽ ከፈቃድ በታች በተቀመጠ ቁጥር ስለ ፈቃድ የሚናገረው ያንሳልና።

ሳቁ ምን ይመሰክራል?

ቻርለስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1872 ስለ ስሜት አገላለጽ ባሳተመው መጽሐፍ መኮርኮርን ከቀልድ ጋር አዛምዶት ነበር፤ ቀልድ አእምሮን የሚኮረኩር ነገር ነው እንደ ማለት ነው። ከአንድ ዓመት በኋላ ጀርመናዊው ኤቫልት ሄከር ተመሳሳይ አስተያየት ስላቀረበ መላምቱ በሁለቱ ስም ይታወቃል። ዳርዊን ግን አንድ ነገር ጨምሮ አስተውሏል። ሕፃንን የማያውቀው ሰው ቢኮረኩረው ሕፃኑ የሚጮኸው በፍርሃት ነው፤ መኮርኮር የሚያስደስተው አስቀድሞ ልቡ ደስ ያለው ከሆነ ነው። ዳርዊን የፈቃድን ቃል አልተጠቀመም። ሆኖም ንክኪው አንድ ሆኖ ሳለ ማን እንደሚነካና በምን ሁኔታ እንደሚነካ ትርጉሙን እንደሚለውጥ ገና ያን ጊዜ ተመልክቶታል።

ሳቁ ከሌሎች የተቀሰመ ወይስ አብሮ የሚወለድ ነው የሚለውን ጥያቄ የሥነ ልቡና ምሁሩ ክላረንስ ሉባ በገዛ ልጆቹ ላይ ፈትኖታል። ሉባ ልጆቹን ሲኮረኩር የፊቱ ገጽታ እንዳይታይ ጭምብል ያደርግ ነበር፤ ልጆቹ መሳቅን ከእርሱ ፊት እንዳይማሩ ለመከላከል ነው። እ.ኤ.አ. በ1941 እንዳሳተመው ልጆቹ ማንም ሳያስተምራቸው መሳቅ ጀመሩ። ከዚህ ተነሥቶም ሳቁ ተፈጥሯዊ ምላሽ ነው ሲል ደመደመ። ስለ ፈቃድ ለሚያስብ የዛሬ አንባቢ ይህ ሙከራ ሌላም ነገር ያስታውሰዋል። ለመኮርኮርም ሆነ ለምርምሩ ፈቃዳቸው ያልተጠየቀ ሕፃናት ሳቃቸው የምርምር መረጃ ሆነ፤ ከጭምብሉ በስተጀርባ ያለው ሰው አባታቸው መሆኑም ጥያቄውን የሚያቀል አይደለም።

የዳርዊንንና የሄከርን መላምት በቀጥታ የፈተኑት ክሪስቲን ሃሪስና ኒኮላስ ክሪስተንፌልድ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጡት ጥናት፣ አስቂኝ ፊልም ያዩ ሰዎች ቀጥሎ ሲኮረኮሩ የበለጠ እንደማይስቁ፣ ቀድመው የተኮረኮሩትም ፊልሙ ይበልጥ እንደማያስቃቸው አሳዩ። በተለመደው ቀልድ አንዱ ቀልድ ለሚቀጥለው ያሟሙቃል፤ በቀልድና በመኮርኮር መካከል ግን ይህ ማሟሟቅ አልታየም። በ1999 ደግሞ ተሳታፊዎች ዐይናቸው ተሸፍኖ ውስጥ እግራቸው ሁለት ጊዜ ተኮረኮረ። አንዱን ጊዜ የሚኮረኩራቸው ሰው፣ ሌላውን ጊዜ ማሽን እንደ ሆነ ተነገራቸው። በእውነቱ በሁለቱም ጊዜ ኮርኳሪው የተደበቀ ረዳት ነበር። ተሳታፊዎቹ «ማሽኑ» ሲኮረኩራቸውም ሰው ሲኮረኩራቸው የሳቁትን ያህል ሳቁ። እንግዲህ ሳቁ ለመምጣት የሰውየውን መወደድ ቀርቶ ሰው መኖሩን ማመን እንኳ አያስፈልገውም።

ለጉዳያችን ከሁሉ ይልቅ ጠቃሚ የሚሆነው ሃሪስ ከናንሲ አልቫራዶ ጋር እ.ኤ.አ. በ2005 ያሳተመችው የፊት ገጽታ ጥናት ነው። ሁለቱ አጥኚዎች በቀልድ፣ በመኮርኮርና በሕመም ጊዜ የሚታየውን የፊት ጡንቻ እንቅስቃሴ አነጻጸሩ። በመኮርኮር ጊዜ የእውነተኛ ደስታ መለያ ተደርጎ የሚወሰደው ዐይንን ጭምር የሚያካትት ፈገግታ ታየ፤ ከእርሱ ጋር ግን በሕመም ጊዜ የሚታዩ ገጽታዎችም አብረው ታዩ። ፈገግታው መታየቱም ተሳታፊው ድርጊቱን ወዶታል ለማለት አላስቻለም። በሌላ አነጋገር የሠለጠነ ተመራማሪ በተቀረጸ ምስል ላይ ጡንቻ በጡንቻ እየመረመረ ሊያረጋግጠው የማይችለውን ነገር፣ አጎት በአንድ እይታ «ወዳዋለች» ብሎ ሊያረጋግጠው አይችልም።

እንዲህ ያለ ተቃርኖ ለምን ተፈጠረ? ሃሪስ ያቀረበችው መላምት ትኩረት የሚስብ ነው። ለመኮርኮር ቀላል የሆኑት የአካል ክፍሎች አብዛኞቹ በትግል ጊዜ ለጥቃት የተጋለጡ ናቸው። የተኮርኳሪው ፊት ኮርኳሪውን ያበረታታል፤ አካሉ ግን ይሸሻል፤ ይከላከላል። ይህ ጥምረት ግልገሉ ሳይጎዳ ራሱን መከላከል የሚለማመድበት ጨዋታ እንዲቀጥል ያደርጋል። መላምቱ ትክክል ከሆነ ሳቁ የተሠራው የባለቤቱን ደስታ ለመግለጽ ሳይሆን ሌላውን ሰው ለማስቀጠል ነው። አካሉ ደግሞ በዚያው ቅጽበት «ራቅ» እያለ ነው። ኮርኳሪው ፊቱን ብቻ ካነበበ ከተላከለት መልእክት ያነበበው ግማሹን ብቻ ነው።

ራስን መኮርኮር የማይቻልበት ምክንያት

ማንም ሰው ራሱን ኮርኩሮ ሊስቅ አይችልም። ለዚህ የተሻለ ማብራሪያ የተገኘው ሣራ-ጄን ብሌክሞር፣ ዳንኤል ዎልፐርትና ክሪስ ፍሪዝ እ.ኤ.አ. በ1998 በኤም.አር.አይ. ምስል ታግዘው ባደረጉት ጥናት ነው። አንጎል አንድን እንቅስቃሴ ሲያዝ እንቅስቃሴው የሚያስከትለውን ስሜት አስቀድሞ ይተነብያል፤ በዚህ ትንበያ ውስጥ ሴሬቤለም የሚባለው የአንጎል የኋላ ክፍል ትልቅ ድርሻ አለው። የተተነበየው ስሜት ሲደርስ ንክኪን የሚቀበለው የአንጎል ክፍል ምላሹን ይቀንሳል። የሌላ ሰው እጅ ግን አይተነበይም፤ ስለዚህ ስሜቱ በሙሉ ኃይሉ ይደርሳል።

እነዚሁ ተመራማሪዎች በተከታዩ ዓመት ባወጡት ሥራ ተሳታፊዎች በአንድ እጃቸው ሮቦት እያንቀሳቀሱ በሌላው መዳፋቸው ላይ ንክኪ እንዲፈጥሩ አደረጉ። በእጃቸው እንቅስቃሴና በንክኪው መካከል የሰከንድ ጥቂት ክፍልፋይ የሆነ መዘግየት ሲጨመር የመኮርኮር ስሜቱ ጨመረ። የነካቸው የገዛ እጃቸው ትእዛዝ ነው፤ ነገር ግን ትንበያውና ንክኪው በተራራቁ መጠን ንክኪው የባዕድ መሰለ።

ከዚህ ግኝት ለፈቃድ ጥያቄ የሚጠቅም አንድ መደምደሚያ ማውጣት ይቻላል። መኮርኮር መኮርኮር የሚሆነው ተኮርኳሪው ቀጣዩን ንክኪ መቼና የት እንደሚደርስ ሳያውቅ ሲቀር ነው። ቁጥጥርን ማጣት የድርጊቱ ምንነት ነው። በእጅ መጨባበጥ ወይም በመተቃቀፍ ሁለቱም ወገኖች የሚሆነውን ያውቃሉ፤ በመኮርኮር ግን አንዱ ያውቃል፣ ሌላው አያውቅም። ስለዚህ መኮርኮርን የሚፈቅድ ሰው የሚፈቅደው እያንዳንዱን ንክኪ አይደለም፤ ሊፈቅደው አይችልምና። የሚፈቅደው ለጥቂት ጊዜ ቁጥጥሩን ለሌላው ማስረከብን ነው። ሰው ቁጥጥሩን በአደራ ሲያስረክብ በእጁ የሚቀረው ብቸኛ ሥልጣን አደራውን የመመለስ ሥልጣን ነው። «በቃ» ሲባል ጨዋታው ካልቆመ ይህ ሥልጣን የለም፤ ሥልጣኑ ከሌለም በመጀመሪያ ላይ የተገኘው እሺታ ትርጉሙን ያጣል።

«ተው»፣ «እምቢ» እና «በቃ»

ፈቃድ በቃል የሚገለጥ ከሆነ ቃሎቹ በእኛ ቋንቋና ልማድ ውስጥ እንዴት እንደሚሠሩ መመርመር ያስፈልጋል። «ተው» የሚለውን እንውሰድ። በቁጣ ሲነገር ክልከላ ነው። በፈገግታ «ተው እንጂ!» ሲባል ማባበል ወይም ማሽኮርመም ሊሆን ይችላል። «ኧረ ተው!» ደግሞ መደነቅ ነው። እነዚህን ትርጉሞች የሚለየው የድምፅ ቃናና የፊት ገጽታ ነው። በመኮርኮር ጊዜ ግን ሳቁ ቃናውንም ገጽታውንም ይወስደዋል። ልጅቱ የቀራት ቃሉ ብቻ ነው፤ ቃሉ ደግሞ ያለ ቃና አሻሚ ነው። ሰሚው አሻሚውን ቃል በሳቁ ይተረጉመዋል። በዚህ መንገድ የከለከለችበት ቃል ራሱ የጨዋታው ክፍል ይሆናል።

ሁለተኛው ችግር ከእንግዳ አቀባበል ልማዳችን ጋር የተያያዘ ነው። በማዕድ ዙሪያ ተጋባዡ «በቃኝ» ሲል ጋባዡ «በሞቴ»፣ «አፈር ስሆን» እያለ ደግሞ ያጎርሰዋል። የመጀመሪያው እምቢታ የጨዋነት ወግ እንጂ የመጨረሻ ቃል አለመሆኑን ሁለቱም ያውቃሉ፤ እምቢታን ማለፍም የፍቅር መግለጫ ነው። ይህ ወግ በዐዋቂዎች መካከል የራሱ ውበትና ሥርዓት አለው። ተጋባዡ ከልቡ የጠገበ እንደ ሆነ የሚያሳውቅበት መንገድ አያጣም፤ እጁን ይታጠባል፤ ከማዕዱ ፈቀቅ ይላል። የተያዘ ሕፃን ግን ፈቀቅ የሚልበት ቦታ የለውም። የማዕዱ ወግ ወደ አካል ንክኪ ሲሻገር ሕፃኑ የሚማረው እምቢታ የድርድር መክፈቻ እንጂ ወሰን አለመሆኑን ነው።

ሦስተኛው ይሉኝታ ነው። ወላጅ ልጁ እንደ ተጨነቀ ቢያይም እንግዳውን «ተዋት» ማለት ይከብደዋል፤ እንግዳው በፍቅር ያደረገውን እንደ ክፋት የቆጠረበት ይመስለዋልና። በዚህ ጊዜ በክፍሉ ውስጥ ካሉት ሰዎች የማስቆም አቅም ያለው ዝም ይላል፤ አቅም የሌላት ብቻዋን ትጮኻለች። የተመልካቾቹ ሳቅም ገለልተኛ አይደለም፤ ኮርኳሪው እንዲቀጥል የሚሰጥ ድምፅ ነው።

ከሦስቱ ቃላት ለዚህ ዓላማ የሚሻለው «በቃ» ይመስላል። ቃሉ እስከዚህ ድረስ የሆነውን አይነቅፍም፤ መጠኑ እንደ ደረሰ ብቻ ይናገራል። የሚለውም «እስካሁን መልካም ነበር፤ ከዚህ በላይ ግን አይሆንም» ነው። ይሉኝታ የሚያስፈራው ቤተሰብም ቢሆን እንግዳውን ሳያስቀይም ሊጠቀምበት ይችላል።

ፈቃድ እንደ ማስቆም ሥልጣን

ብሪታንያዊው የሥነ ልቡና ሐኪምና ደራሲ አዳም ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተመው የድርሰቶች ስብስብ ስለ መኮርኮር የሰጠው ሐሳብ እዚህ ላይ ይጠቅመናል። ፊሊፕስ እንደሚያስረዳው መኮርኮር በራሱ የሚደመደምበት ነጥብ የለውም። ተረት ያልቃል፤ ድብብቆሽ የተደበቀው ሲገኝ ያበቃል፤ መኮርኮር ግን ካልተቋረጠ ከደስታ ወደ ውርደት ይሻገራል። የዚያ ድንበር ጠባቂ ጉልበት ያለው ዐዋቂ ነው። ይህ አስተያየት ኃላፊነቱ በማን ላይ እንደሚወድቅ በግልጽ ያሳያል።

ድንበሩ ሲጣስ የሚደርሰው ጉዳት በሐሳብ ብቻ ያለ አይደለም። በወንድማማችና በእኅትማማች መካከል ስለሚፈጸም ጥቃት ያጠናው ቨርነን ዊሂ እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጣው መጽሐፍ፣ በልጅነታቸው የተጎዱ ዐዋቂዎች ከሰጡት ምስክርነት በመነሣት መኮርኮርን ከአካላዊ ጥቃት መንገዶች መካከል ቆጥሮታል። በጉልበት ተይዞ፣ ትንፋሽ እስኪያጥር ድረስ የተኮረኮረ ልጅ የሚያስታውሰው ሳቁን አይደለም። ከዚህም በላይ በሕፃናት ጥበቃ ሥራ የተሠማሩ ባለሙያዎች ደጋግመው የሚያስጠነቅቁት አንድ ነገር አለ። ሕፃናትን ለመድፈር የሚያሰቡ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምሩት በኃይል ሳይሆን ጨዋታ በሚመስል ንክኪ ነው፤ ልጁ እምቢ ሲል በዙሪያው ያሉ ሰዎች ምን እንደሚያደርጉ የሚፈትኑትም በዚሁ ነው። ከዚህ የሚኮረኩር ሁሉ ክፉ ነው የሚል መደምደሚያ አይወጣም። የሚወጣው መደምደሚያ ሌላ ነው፤ «በቃ» የሚለው ቃል በደግ አጎት ፊት የማይሠራ ከሆነ ልጁ በክፉ ሰው ፊት እንደሚሠራ የሚያምንበት ምክንያት አይኖረውም።

የሕጉም መንፈስ ከዚህ ጋር ይስማማል። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀውና ኢትዮጵያም በ1991 የተቀበለችው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 12 የራሱን አስተያየት ለመያዝ የሚችል ሕፃን በሚመለከተው ጉዳይ ሁሉ ሐሳቡን የመግለጽ መብት እንዳለው፣ ሐሳቡም እንደ ዕድሜውና እንደ ብስለቱ ክብደት ሊሰጠው እንደሚገባ ይደነግጋል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 36 ሕፃናትን በሚመለከት በሚወሰድ እርምጃ የሕፃናት ደኅንነት በቀደምትነት እንዲታሰብ ያዝዛል። እነዚህ ሰነዶች ስለ መኮርኮር የሚሉት ነገር የለም፤ ሊሉም አይጠበቅባቸውም። ሆኖም ሕፃን በሚመለከተው ጉዳይ ድምፅ አለው ከተባለ ከገዛ አካሉ ይልቅ የሚመለከተው ጉዳይ ማግኘት ይከብዳል።

እንግዲህ ሳቁ የማይታመን፣ ቃሉም አሻሚ ከሆነ ፈቃድን በምን እናውቃለን? ጠቃሚ ፍንጭ የተገኘው ከአይጦች ምርምር ነው። ጃክ ፓንክሴፕና ጄፍሪ በርግዶርፍ ሲኮረኮሩ 50 ኪሎ ኸርትዝ አካባቢ የሆነ፣ የሰው ጆሮ የማይሰማው ድምፅ የሚያሰሙ አይጦችን አጥንተዋል። ተመራማሪዎቹ ድምፁ ከደስታ ጋር የተያያዘ ነው ለማለት የደፈሩት በድምፁ ብቻ ተመርኩዘው አይደለም። እጁ ሲነሣ አይጦቹ እጁን ተከትለው ይመጡ ነበር። ሺምፔ ኢሺያማና ሚካኤል ብሬኽትም እ.ኤ.አ. በ2016 በርሊን ላይ ባደረጉት ጥናት ተመሳሳይ መከታተልን አይተዋል፤ አይጧን ከፍ ባለ መድረክና በደማቅ ብርሃን ሥር አስቀምጠው ሲኮረኩሯት ግን ድምፁ ቀነሰ። የተጨነቀ አካል ያው ንክኪ ቢደርሰውም እንደ ጨዋታ አይቀበለውም።

መፈተኛው ቀላል ነው፤ እጅን ማንሣትና መጠበቅ። እጁ ሲነሣ ልጁ ተመልሶ ከመጣ፣ ብብቱን ከከፈተ ወይም «ድገመኝ» ካለ ፈቃዱ ታውቋል። ከሸሸ፣ ልብሱን ካስተካከለ ወይም ዝም ካለ ጨዋታው አብቅቷል። ገና ያልተናገረ ሕፃንም በዚህ ቋንቋ ይናገራል፤ ፊቱን ያዞራል፣ ጀርባውን ይለምጣል፣ አካሉን ያጠነክራል፤ ዐይኑ ወደ ኮርኳሪው ሲመለስ ደግሞ ጨዋታው ሊቀጥል ይችላል። ፈቃድ የሚነበበው ንክኪው ባለበት ሰዓት ሳይሆን ንክኪው በተቋረጠበት ፋታ ውስጥ ነው።

ሁለት መቃወሚያዎች

የመጀመሪያው መቃወሚያ፣ መኮርኮር ድንገተኛ በመሆኑ ፈቃድ ቢጠየቅበት ለዛው ይጠፋል የሚል ነው። መቃወሚያው ፈቃድን ከጥያቄ ጋር አንድ አድርጎ ይወስዳል። ከላይ እንደ ተመለከትነው ዋናው ነገር በፊት የሚቀርበው ጥያቄ ሳይሆን በኋላ የሚከበረው «በቃ» ነው። ድንገተኛነቱ በጨዋታው ውስጥ ይኖራል፤ የጨዋታው መጨረሻ ግን በተኮርኳሪው እጅ ይሆናል። እንዲያውም ማስቆም እንደሚችል የሚያውቅ ልጅ ቁጥጥሩን ለማስረከብ ይደፍራል።

ሁለተኛው መቃወሚያ፣ ልጆች ራሳቸው «ተው» እያሉ መቀጠሉን ይፈልጋሉ የሚል ነው። ይህ እውነት ነው፤ ችላ ሊባልም አይገባም። መፍትሔው ግን የልጁን ቃል በራስ ግምት መተርጎም አይደለም። ከጨዋታው በፊት «በቃ ስትል አቆማለሁ» ብሎ አንድ ቃል ለእውነተኛው ማቆም መለየት ይቻላል። «ተው» ለጨዋታው ይቀራል፤ «በቃ» ግን አንድ ጊዜ እንኳ አይታለፍም። ልጁ በስሕተት ወይም ለሙከራ ቢለውም ማቆም ያስፈልጋል፤ ቃሉ ኃይል እንዳለው የሚያውቀው ሲሞክረው ነውና። መቀጠሉን ከፈለገ ራሱ ይጠይቃል።

መደምደሚያ

ከዚህ ቅኝት ለተመራማሪዎች የሚተርፍ አንድ የአሠራር ማሳሰቢያ አለ። በሕፃናት ጨዋታ ላይ የምልከታ ጥናት የሚያካሂድ አጥኚ ሳቅን በቀጥታ «ደስታ» ወይም «ተሳትፎ» ብሎ ከመመዝገቡ በፊት፣ ንክኪው በተቋረጠ ጊዜ ሕፃኑ ያደረገውን ለብቻው መመዝገብ ይኖርበታል። ሕፃናት በሚሳተፉበት ማንኛውም ምርምርም የወላጅ ፊርማ ከመነሻው የሚገኝ እሺታ ነው፤ ሕፃኑ በመካከል «በቃኝ» ብሎ የሚወጣበት መንገድ ካልተዘጋጀ ግን ፈቃዱ ሙሉ አይሆንም።

በመግቢያው ወደ ተነሣው ትዕይንት ስንመለስ፣ ልጅቱ እጇን ሰንዝራ የመታችው ባለጌ ስለ ሆነች አይደለም። ፊቷ ከእርሷ ፈቃድ ውጭ ሲመሰክርባት፣ ቃሏም ሳይሰማ ሲቀር በእጇ የቀራት አንድ ቋንቋ እርሱ ብቻ ነበር። የአጎቷ ፍቅር አልተጠረጠረም፤ መኮርኮርም የሚከለከል ነገር አይደለም። የሚጠበቀው «በቃ» ስትል እጁን ማንሣትና መጠበቅ ብቻ ነው። ተመልሳ ከመጣች ጨዋታው በእርግጥ የሁለቱም ሆነ ማለት ነው። ባትመጣም በዚያ ቀን አንድ ነገር ተምራለች፤ ጥርሷ ባዳ ቢሆንም ቃሏ የራሷ ነው።